54 ሊትር እስከ ደብረ ማርቆስ

ጥር 8 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ። ለጥምቀት ጎንደር ለመድረስ የተነሳን አምስት ሰዎች ከመኪናው ወርደን የማደያውን ቆጣሪ ከበን ቆመናል። ቀጂው ልጅ አንዴ እኛን፣ አንዴ ቆጣሪውን ያያል። ቁጥሩ 50ን ሲያልፍ አንዳችን «ኧረ ያፈሳል እንዴ?» ብሎ ከመኪናው ስር አጎነበሰ። አያፈስም። ቆጣሪው 54 ሊትር ላይ ቆመ። ከአዲስ አበባ ስንነሳ ታንኩን እስከ አፉ ሞልተን የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ አድርገን ነበር፤ አሁን 300 ይላል። ሂሳቡ ካልኩሌተር አይፈልግም። ለ100 ኪሎ ሜትር 18 ሊትር።

ወጪውን ለአምስት ተካፍለን ልንከፍል ተስማምተን ስለነበር ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በመነሻችን ዋዜማ ከመካከላችን ሂሳብ አዋቂ ነኝ ባዩ «በሊትር 10 ኪሎ ሜትር አትሄድም ብላችሁ ነው?» ብሎ በጀት አውጥቶልን ነበር። በሊትር አምስት ተኩል ነው የሄደችው።

መኪናዋ የአንዳችን አጎት ናት። ስሪቷን አንናገርም፤ ጋሼ ይቀየሙናል። በእኛ መካከል ከሁለቱ በቀር ሁላችንንም በዕድሜ የምትበልጥ፣ በ1980ዎቹ (በፈረንጅ) የተሠራች ፎርዊል ናት። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ 4 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ካርቡሬተር፣ አናቷ ላይ የብረት ፖርቶመጋላ። ጋሼ ከልጆቻቸው ለይተው አያዩዋትም። ከማደያው ደውለን ስንነግራቸው የመጀመሪያ መልሳቸው «እግራችሁን ቀለል አድርጉ» ነበር። ሁለተኛው ደግሞ «እሷ እንዲህ አትጠጣም» የሚል ነው።

እንግዲህ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። ማን ጠጣው?

አንደኛው ተጠርጣሪ የሾፌራችን እግር ነበር። ሜዳ ባገኘ ቁጥር 110፣ 120 ይነዳል። አየር መኪናን የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ80 ወደ 120 ማለት አንድ ተኩል እጥፍ ፍጥነት፣ ከሁለት እጥፍ በላይ ግፊት ነው። መኪናዋ ደግሞ ከፊት ስትታይ ቁም ሣጥን ናት። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፖርቶመጋላው ነው፤ ሦስት ሻንጣ፣ አንድ ድንኳን፣ ማንም ያልተጠቀመበት የፕላስቲክ ወንበር አስረንበት ነበር። ሦስተኛው ካርቡሬተሩ። ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። አዲሶቹ ሞተሮች ኮምፒውተር አላቸውና አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑንም ይቀንሳሉ። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር ግን አያውቅም፤ አየሩ ጎደለም አልጎደለም የለመደውን ያህል ይቀዳል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው የቤንዚን ሽታ ያልተቃጠለ ብር ነው።

አራተኛው ተጠርጣሪ የማይከሰስ ነው፤ ዓባይ። ከጎሃ ጽዮን ወርደን፣ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ተሻግረን፣ ወደ ደጀን መውጣት ማለት በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ነው። ከእኛና ከዕቃችን ጋር 2.5 ቶን የሚመዝን ነገር 1,300 ሜትር ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት 32 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል የሚሰጠው ሙቀትም ይኸው 32 ሚሊዮን ጁል አካባቢ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ዓባይን ለመውጣት አንድ ሊትር ይበቃል። ነገር ግን እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን ሩቡን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው ወደ ጎማ የሚያደርሰው፤ የቀረው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ወጥቶ የበረሃውን አየር ያሞቃል። አንዱ ሊትር አራት ይሆናል። ቁልቁለቱ ያካክሰዋል እንዳትሉ፤ በቁልቁለቱ ያተረፍነውን ፍሬን ላይ አቃጥለን ጨርሰነዋል። የዘመኑ መኪና ቁልቁለት ላይ እግር ሲነሳለት ቤንዚኑን ጭራሽ ይዘጋል። የእኛዋ ቁልቁለትም ላይ ትጠጣለች።

ይሄ ሁሉ ግን ትንሹ መልስ ነው። ትልቁ ጥያቄ ባሕር ዳር ማታ ላይ ነው የመጣው። አንዳችን «ቆይ፣ ለመሆኑ ሁለት ቶን ብረት ላይ 4 ሊትር ሞተር ጭኖ ለቤተሰብ ይሁን ያለው ማን ነው?» አለ።

ነገሩ የሚጀምረው ቤንዚን ከምንም በማይቆጠርበት ዘመን ነው። የእነዚህ መኪናዎች አያት እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ለአሜሪካ ጦር በብዛት የተመረተው ጂፕ ነው። እንግሊዞች በ1948 ላንድሮቨርን አወጡ፤ ጃፓኖች በ1951 በኋላ ላንድክሩዘር የተባለውን መኪና የመጀመሪያ ናሙና ሠሩ። ለጦር፣ ለእርሻ፣ ለደንና ለማዕድን ሥራ የተሠሩ ናቸው። ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ ወታደር በሊትር ስንት ትሄዳለች ብሎ አይጠይቅም። አሜሪካኖቹ በ1963 ዋጎኒርን ሲያወጡ ጂፑን ለቤተሰብ አለበሱት። ያኔም ያው ነው፤ ቤንዚኑ ርካሽ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ታንኩ ትልቅ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1973 መጣ። በግብፅ፣ በሶሪያና በእስራኤል ጦርነት መካከል የአረብ ነዳጅ አምራቾች እስራኤልን ደግፋለች ባሏት አሜሪካና በጥቂት ሌሎች አገሮች ላይ ማዕቀብ ጣሉ። በርሜሉ 3 ዶላር ገደማ የነበረው ድፍድፍ ዘይት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። አሜሪካ ውስጥ የማደያ ሰልፍ መንገድ ዘጋ። በአንዳንድ ግዛቶች ሰሌዳቸው ጎዶሎ ቁጥር የሆነ በአንዱ ቀን፣ ሙሉ ቁጥር የሆነ በሌላው ቀን ቅዱ ተባለ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በጥር 1974 መጀመሪያ በመላ አገሪቱ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል እንዲሆን የሚያደርገውን ሕግ ፈረሙ። ወደ እኛ ቁጥር ስናመጣው 89 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህቺን ቁጥር ያዙልን።

ያው ማዕበል አዲስ አበባም ደረሰ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የመኪና ወሬ መሆኑ የሚያበቃው። በ1966 ዓ.ም. የካቲት ላይ የንጉሡ መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በግማሽ ያህል ከፍ አደረገው። የካቲት 11 የከተማዋ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አድማ ወጡ፤ ተማሪውም ተከተለ። በወሩ 20ኛ ቀን የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ነዳጁ ላይ ቅናሽ ተደረገ፤ ነገር ግን የወጣው ሰው ወደ ቤቱ አልተመለሰም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አብዮቱን ቤንዚን አመጣው እያልን አይደለም። ወሎ በረሃብ አልቆ ነበር፤ ነገሌ ቦረና ያሉት ወታደሮች ከታክሲዎቹ በፊት፣ በጥር፣ አምጸው ነበር፤ የመሬት ጥያቄው የዓመታት ነው። ግን አንድ ነገር ይገርመናል። የዚያን ዓመት የቤንዚን ዋጋ መሸከም አቅቷቸው የቆሙት ነዳጅ በላተኞቹ ትልልቅ መኪናዎች አልነበሩም። የሚኒስትሩ ጥቁር መርቸዲስ አላደመም። ያደሙት፣ ብዙዎቹ ሞተራቸው አንድ ሊትር እንኳ የማይሞላ ትንንሽ ፊያቶችን የሚነዱ፣ በሊትሯ ሳንቲም የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ብዙ የሚጠጣው መኪና ያለው ሰው ዋጋው ሲጨምር ያማርራል እንጂ አይወድቅም።

አሜሪካ በበኩሏ ሕግ አወጣች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙት የኃይል ፖሊሲ ሕግ አምራቾችን እንዲህ አላቸው፦ በዓመት የምትሸጧቸው መኪናዎች በአማካይ በ1978 በጋሎን 18 ማይል፣ በ1985 ደግሞ 27 ማይል ተኩል መሄድ አለባቸው። ሕጉ ሲወጣ የአሜሪካ አዲስ መኪና በአማካይ በጋሎን 13 እና 14 ማይል አካባቢ ነበር የሚሄደው። ይህንን ወደ ሊትር ስንቀይረው ራሳችንን ያዝን፤ ለ100 ኪሎ ሜትር 17፣ 18 ሊትር። የጋሼ መኪና! አጎታችን በ2011 ዓ.ም. የሚነዷት መኪና ልክ አሜሪካ ደንግጣ ሕግ ያወጣችበትን ያህል ነው የምትጠጣው። ሕጉ የጠየቀው 27 ማይል ተኩል ግን ወደ 8.6 ሊትር ይመጣል። ከግማሽ በታች።

ታዲያ የጋሼ መኪና በ1980ዎቹ ተሠርታ እንዴት 18 ላይ ቀረች? ሕጉ ቀዳዳ ነበረው። «የመንገደኛ መኪና» እና «ቀላል የጭነት መኪና» ብሎ ለሁለት ከፈለ። ለሁለተኛው የሚወጣው ልክ ለብቻው፣ በጣም ላላ ተብሎ ይወሰናል። ምክንያቱ በጊዜው ክፉ አልነበረም። ገበሬው፣ አናጢው፣ ቧንቧ ሠራተኛው ፒካፕ ያስፈልገዋል፤ እሱን ለምን እንቀጣዋለን ተባለ፤ ያኔ የዚህ ዓይነት መኪና ከገበያው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነበር። ነገር ግን ከመሬት ከፍ ብሎ በአራት ጎማ የሚነዳ፣ ከመንገድ ውጪ መሄድ የሚችል ሁሉ የጭነት መኪና ተብሎ እንዲቆጠር ሆነ። በ1979 ለእነዚህ ባለ አራት ጎማ ድራይቮች የወጣው ልክ በጋሎን 15.8 ማይል ነው፤ ወደ 15 ሊትር። በ1978 የወጣው «ነዳጅ በላተኛ» ግብርም የመንገደኛ መኪናን ብቻ ነው የሚመለከተው። ወንበሯ ቆዳ፣ ሬዲዮዋ ባለ ካሴት ሆኖ ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ ፎርዊል በሕግ ፊት የጭነት መኪና ናት። እኛ ደግሞ የጭነት መኪና ስንል አይሱዙ ነው የሚመጣብን።

የጋሼ መኪና ጃፓን ነው የተሠራችው፤ ግን የአሜሪካ ገበያ ትልቅ ስለነበር ያ ቀዳዳ የዓለምን አምራች ሁሉ ነው የጠራው። በ1984 ጂፕ ቸሮኪ በአዲስ መልክ ወጣ፤ በ1986 የድፍድፍ ዘይት ዋጋ ከግማሽ በላይ ወደቀ፤ በ1990 ፎርድ ኤክስፕሎረርን አቀረበ፤ ከዚያ ወዲያ የቤተሰብ መኪና ማለት የመስክ መኪና ሆነ። እ.ኤ.አ. 2004 አካባቢ አሜሪካ ከሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ግማሽ የሚጠጉት በሕጉ ቋንቋ የጭነት መኪናዎች ነበሩ። በ2002 የወጣው ሀመር ኤች2 ደግሞ ከክብደቱ የተነሳ ከሁለቱም ልክ ውጪ ነበር። ያኔ ሙሉ ጭነቱ ከ3,850 ኪሎ ግራም ገደማ ያለፈ መኪና ጭራሽ አይለካም ነበር። ቀጭን የሆነው ይቀጣል፣ ወፍራሙ ይማራል ማለት ነው።

«እና ምን አለበት? ትንንሾቹ ተሻሽለዋል አይደል?» የሚል ሙግት ከመካከላችን ተነስቶ ነበር። እዚህ ጋ የሂሳብ ወጥመድ አለ፤ እኛም ወድቀንበታል። እኛ አገር «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ነው የምንለው፣ አሜሪካኖቹም «በጋሎን ስንት?»። በ2008 ላሪክና ሶል የተባሉ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይሄ አጠያየቅ ሰውን እንደሚያሳስት ሳይንስ መጽሔት ላይ አሳይተው ነበር። በእኛ ቁጥር እንሥራው። በሊትር 14 የምትሄድ ትንሽ መኪናን 20 እንድትሄድ ብናደርጋት በ100 ኪሎ ሜትር የምንቆጥበው ሁለት ሊትር ከምናምን ነው። በሊትር አምስት ተኩል የምትሄደውን የጋሼን መኪና 7 ብናደርሳት ግን አራት ሊትር ገደማ እንቆጥባለን። ከ14 ወደ 20 ዝላይ ይመስላል፤ ከአምስት ተኩል ወደ 7 ግን ማንም አያጨበጭብም። ሊትሩ ያለው እዚህ ነው፤ ሕጉ ዓይኑን የጨፈነውም እዚሁ ላይ ነው።

በ2008 የበጋቸው ወራት ቤንዚን አሜሪካ በጋሎን ከ4 ዶላር አለፈ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት አሮጌና ነዳጅ በላተኛ መኪና ላመጣና አዲስ ለገዛ ሰው እስከ 4,500 ዶላር የሚሰጥበት ዘመቻ አወጀ። መስፈርቱ በጋሎን 18 ማይል ወይም ከዚያ በታች መሄድ ነው። ወደ 680 ሺህ የሚጠጉ መኪናዎች ተሰበሰቡ፤ ከሁሉም በብዛት የመጣው ባለ አራት ጎማ ድራይቩ ኤክስፕሎረር ነበር። መኪናዎቹ ተመልሰው እንዳይሸጡ ዘይታቸው ተደፍቶ በምትኩ ሲደርቅ ብርጭቆ የሚሆን ፈሳሽ ሶዲየም ሲሊኬት ይጨመርባቸዋል፤ ከዚያ ሞተሩ እስኪነክስ ድረስ ያስጮሁታል። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ለጋሼ አንዴ አሳይተናቸው ነበር። ግማሽ ላይ ስልኩን መለሱልን።

እኛ ጋ ሞተር አይገደልም። ይታደሳል፣ ይጠረባል፣ አንዳንዴም ወጥቶ በምትኩ ናፍጣ ሞተር ይገባል። እዚህ አገር የአሮጌ ፎርዊል ዕድሜ የሚወሰነው ፋብሪካው ሳይሆን መካኒኩ ጋ ነው። ፖሊሲውም በሌላ መንገድ ነው የመጣው። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ያገለገሉ መኪናዎችን ከባድ ታክስ ጫነባቸው፤ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ጀመረ፤ በጥር 2016 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎችን ማስገባት መከልከሉ ተነገረ፤ በ2017 የቤንዚን ሊትር መቶ ብርን ዘለለ። የአሰብ ማጣሪያ ለእኛ ማጣራት ካቆመ ከ1990ዎቹ (በፈረንጅ) ወዲህ እያንዳንዷ ጠብታ ተጣርታ በዶላር የምትገባ ናትና መንግሥት ለምን እንደጨነቀው ይገባናል። ዓባይን ወርዶ ሲወጣ ከቁልቁለቱ ጉልበት የተወሰነውን ወደ ባትሪው የሚመልስ የኤሌክትሪክ መኪና ለዚህ አገር ተራራ የተፈጠረ እንደሚመስልም አንክድም። ግን በክልከላው የቆመው አዲስ የሚገባው ነው። ግቢ ውስጥ ያለችው የጋሼ መኪና አልተከለከለችም፤ እንዲያውም ተወደደች። ያ የ1975 ቀዳዳ ያወፈራቸው መኪናዎች እዚህ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ አሜሪካ ደግሞ በሐምሌ 2025 ልኩን ባላሟላ አምራች ላይ የሚጣለውን ቅጣት ዜሮ አደረገችው።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። ጥምቀትን ጎንደር አከበርን፤ ፋሲለደስ መጠመቂያ ዳር ተረግጠን፣ ተረጭተን፣ ጠግበን ውለናል። ጥር 13 ስንመለስ አንድ ስምምነት ላይ ደረስን፤ የኒክሰንን ሕግ እንሞክር። ሻንጣውም ድንኳኑም ወደ ውስጥ ገባ፤ የፕላስቲኩን ወንበር ጎንደር ላደርንበት ቤት ልጆች ሰጠን፤ ፖርቶመጋላው ባዶውን ቀረ። ጎማዎቹን ነፋን። ሾፌራችን ከ89 እንዳያልፍ አጠገቡ ጠባቂ ተቀመጠ። ሚኒባስ አለፈን። አይሱዙ አለፈን። አንድ ባጃጅ ሊያልፈን ሞክሮ ሾፌራችን ሊያለቅስ ደረሰ። ከሁለት ሰዓት በላይ ዘግይተን አዲስ አበባ ገባን።

ስንሄድ 730 ኪሎ ሜትሩን በ131 ሊትር ነበር የጨረስነው፤ ስንመለስ 113 ሊትር በቃን። 15 ተኩል ማለት ነው። ያው ሞተር፣ ያው ካርቡሬተር፣ ያው ዓባይ፤ 18 ሊትር ቀነሰ። ያኔ ቤንዚን በሊትር ከ25 ብር በታች ስለነበር የደርሶ መልሱ 244 ሊትር ለአምስት ተካፍሎ አላጎበጠንም። በመቶ ብር ሲሰላ ግን ያው ጉዞ ከ24 ሺህ ብር በላይ ነው፤ ያቺ የቆጠብናት 18 ሊትር ብቻዋን 1,800 ብር ናት። የመጀመሪያ ደመወዙ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ይፍረደን።

ጋሼ በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁን። ቁልፉን ተቀብለው መኪናዋን አንዴ ዞሯት፤ ጎማዋን በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉ። በኩራት «ጋሼ፣ 15 ተኩል አደረስናት!» አልናቸው።

«እኔ ስነዳት 14 ነው» አሉ።

አላመንናቸውም።